ሰባት ቤትና አንድ ኪሎ ማር

በሶልት ሌክ ከተማ አጠገብ በግራናይት ተራራ ሆድ ውስጥ የሙታንን ስም በፊልም አኑራ የምትጠብቀው የሞርሞን ቤተ ክርስቲያን አንዳንድ አረጋውያን ባልና ሚስት፣ በገዛ ገንዘባቸው ለሚስዮን ዘምተው፣ በፈረንጅ ገና በታኅሣሥ 16 ሰሞን እንኳ የልጅ ልጆቻቸውን ድምፅ በስልክ እየሰሙ የማያውቁትን ሰው ቅድመ አያት ሲፈልጉ መሰንበታቸው እጅግ የሚደነቅ ትሩፋት ነው፤ ሕያው ዘመድ ስጦታ ይሻል፣ ያኮርፋል፤ ሙት ግን ጸጥ ብሎ ከመዝገብ ይገኛል፣ በወኪል ሲጠመቅም እምቢ አይልም።

እኛስ ብንሆን መች እናንሳለን? የ1948ቱ ሕገ መንግሥት የንጉሠ ነገሥቱን ሐረገ ትውልድ ያለ ማቋረጥ እስከ ንጉሥ ሰሎሞን አድርሶታል።

በመቐለም፣ በገና ዋዜማ፣ ቀዳማይ ወያነ ገበያ ገብቶ ነጭ ማር የጠየቀ ሰው በመጀመሪያ «የማን ልጅ ነህ?» ይባላል፤ አባቱን፣ አያቱን፣ ቅድመ አያቱን ጠርቶ ስድስተኛው ቤት ላይ ከባለማሯ ጋር ሲገጥም፣ «አደይ!» ብሎ ጉልበት ይስማል፣ እርሷም ትመርቀዋለች፣ በሕይወት ስላሉት ሁሉም ጤና ይጠያየቃሉ፤ የሚዛኑ ሳህን ይህን ሁሉ ጊዜ በአየር ላይ ተንጠልጥሎ ይቆያል።

ማሩ የተሸጠው በፊተኛው ዋጋ ነው።