የሦስት እግር ጥበብ

ስለ ዙፋንና ስለ መንበር ብዙ ሲነገር፣ በርጩማን ለማወደስ ብዕሩን የሚያነሣ ሊቅ እምብዛም አይገኝም። እኔ ግን የጅማ ጠራቢዎች ያለ ምስማርና ያለ ማጣበቂያ ከአንድ ግንድ ፈልፍለው የሚያወጡትን ባለ ሦስት እግር በርጩማ ባየሁ ቍጥር፣ መቀመጫው ለሰው ገላ እንዲስማማ በመጠኑ ጎድጎድ ማለቱን፣ እግሮቹም ወደ ውጭ ዘርጋ ማለታቸውን እያስተዋልሁ፣ ይህን ያሰበ አእምሮ ውዳሴ ይገባዋል እላለሁ።

ምሥጢሩ ያለው በቍጥሩ ላይ ነው። ሦስት ነጥቦች በአንድ መሥመር ላይ እስካልተሰለፉ ድረስ፣ ሦስቱንም የሚነካ ጠፍጣፋ ገጽ ምንጊዜም ይገኛል፤ ስለዚህ ወለሉ ምርጊትም ይሁን ኰረት፣ በርጩማ ሦስቱንም እግሩን አሳርፎ ይቆማል እንጂ አይወዛወዝም። አራተኛ እግር የተጨመረ እንደ ሆነ ግን፣ ወጣ ገባ በሆነ ወለል ላይ ከአራቱ አንዱ ሥራ ፈት ሆኖ በአየር ላይ ይንጠለጠላል። ይህን እውነት ቀያሾች መሣሪያቸውን በሦስት እግር ላይ ሲተክሉ ያውቁታል፤ እናቶቻችንም ከኤውክሊድ ጋር ሳይተዋወቁ ድስታቸውን በሦስት ጉልቻ ላይ ሲጥዱ ኖረዋል። እርግጥ ባለ ሦስት እግር ዕቃ ከፍ ካለ፣ በሁለት እግሮች መካከል ወዳለው ባዶ ወገን ያዘነበለውን ሰው ይገለብጠዋል፤ በርጩማ ግን ዝቅ ብሎ በመሠራቱ ከዚህ ፈተና ይድናል።

የአራት እግርን መከራ የቀመስሁት በአንድ ዝክር ላይ ነው። «ኧረ ከፍ ይበሉ! በርጩማ ለእርስዎ አይገባም!» ተብዬ፣ በአፈር ወለል ላይ ወደ ቆመው ባለ መደገፊያ ወንበር በክብር ተሸኘሁ፤ ስጎርስ ወደ ቀኝ፣ ጠላ ስቀበል ወደ ግራ እያዘመመብኝ፣ ባለቤቲቱም ካርቶን አጥፈው ከአንደኛው እግር ሥር ሲወሽቁ ሌላው እየተነሣ፣ የቀረበልኝን ወጥ ከነጠላዬ ጋር ተካፈልሁ። በበርጩማ ላይ የተቀመጠው የቆሎ ተማሪ ግን እንደ ዓለት ጸንቶ፣ ዓይኑን ከመሶቡ ሳይነቅል በሰላም ይመገብ ነበር።

ያሰበ ሠሪ የወለሉን ጉድለት ዕቃው እንዲችለው ያደርጋል፤ ያላሰበ ሠሪ ግን ለተቀማጩ ያወርሰዋል። ከዚያ ወዲህ «ከፍ ይበሉ» በተባልሁ ጊዜ ሁሉ እጅ ነሥቼ «በርጩማው ይበቃኛል» እላለሁ፤ ካህናቱም «ራሱን ዝቅ የሚያደርግ ከፍ ይላል» እያሉ ትሕትናዬን ለልጆቻቸው ምሳሌ አድርገው ይጠቅሱታል፤ ነገሩ የትሩፋት ሳይሆን የጂኦሜትሪ መሆኑን ግን እስካሁን የጠየቀኝ ሰው ስለሌለ፣ እኔም አላስረዳሁም።