ይድረስ «ከእኛ በኩል ችግር የለም» ለሚለው መምሪያ

ጉዳዩ፦ ፖርት 21ን መክፈታችንን ስለማሳወቅና ፋይሉ የት እንደቀረ ስለመጠየቅ



መሥሪያ ቤታችሁ የትኛው ሕንፃ ላይ እንደሆነ እስካሁን አልደረስንበትም። መስመር አቅራቢው ዘንድ ስንደውል እዚያ ናችሁ። ዋናው መሥሪያ ቤት ስንደውል እዚያም ናችሁ። ፋየርዎሉን የሸጠልን ድርጅት ዘንድ ስንደውልም ስልኩን የሚያነሳው የእናንተው ሰው ነው፤ ድምፁ ብቻ ይለያል። ከሦስቱም ቦታ የሚመጣው መልስ አንድ ስለሆነ መምሪያውም አንድ ነው ብለን በአንድ ደብዳቤ ጠቅልለናል።

እኛ አርጆ ነን። ጅማ አርጆ፣ ምሥራቅ ወለጋ፣ ከነቀምቴ በስተደቡብ። ይህን አስረግጠን የምንጽፈው «ጅማ» የምትለዋን ብቻ አንብቦ የሚያቆም ባልደረባ ስላላችሁ ነው፤ አዲሱ ራውተራችን መጀመሪያ የሄደው ጅማ ከተማ ነበር። እዚያ ደርሶ «ተረክበናል» ተብሎ ተፈርሞለታል።

ወደ ጉዳያችን እንምጣ። ዋናው መሥሪያ ቤት «የዕለቱን ሪፖርት በየማታው ከእናንተ ሰርቨር በኤፍቲፒ እወስዳለሁ፤ ፖርት 21ን ክፈቱ» የሚል ሰርኩላር አወረደ። ከፈትን። ፋየርዎሉ ላይ ከውጭ በ21 የሚመጣው ሁሉ ወደ 192.168.1.10 ይለፍ የሚል ሕግ ጻፍን። ማታ የአዲስ አበባው ማሽን መጣ። ስሙን ተናገረ፣ የይለፍ ቃሉን ሰጠ፣ እንኳን ደህና መጣህ ተባለ። የፋይሎቹን ዝርዝር ሲጠይቅ ግን ሁሉም ነገር ዝም አለ፤ ቆይቶ ተቋረጠ። ስናመለክት ከእናንተ የደረሰን መልስ «ሎግኢን ስለሚያደርግ ከእኛ በኩል ችግር የለም» የሚል ነው።

እዚህ ላይ ብንዘገይ ቅር አይበላችሁ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነው። ፋይል ማስተላለፊያው ኤፍቲፒ ሽማግሌ ነው። አብሃይ ቡሻን የተባለ ኤምአይቲ የነበረ ሕንዳዊ ወጣት የመጀመሪያውን ሰነድ ያወጣው በፈረንጆቹ 1971፣ በእኛ በ1963 ነው። ያኔ መረቡ ላይ የነበሩት ማሽኖች ጥቂት ናቸው፤ ሁሉም የየራሱ አድራሻ አለው፤ ፋየርዎል የሚባል ፍጡር አልተወለደም። ዛሬም ድረስ የምንገለገልበት፣ በፈረንጆቹ የ1985ቱ ሰነድ ንግግሩን በአንድ መስመር፣ ዕቃውን በሌላ መስመር አድርጎታል። ፖርት 21 የንግግሩ ነው። ዝርዝሩም ፋይሉም የሚያልፉት በሌላ ፖርት ነው፤ ያም ፖርት ቋሚ አይደለም፣ በየጊዜው ይመረጣል። እንግዳን በዋናው በር አስገብቶ «ዕቃህን በጓሮ በኩል ውሰድ» እንደሚል፣ የጓሮውን ዘበኛ ግን ነገሬ እንደማይል ባለቤት ነው።

ፓሲቭ ሞድ በሚባለው አሠራር ሰርቨራችን ለአዲስ አበባው ማሽን የሚሰጠውን መልስ ሎጉ ላይ ስናየው እንዲህ ይላል፦ 227፣ ቀጥሎ በቅንፍ 192,168,1,10,195,80። የመጀመሪያዎቹ አራቱ አድራሻ ናቸው። አምስተኛውን በ256 አባዝታችሁ ስድስተኛውን ስትደምሩበት 50000 ይመጣል፤ እሱ ፖርቱ ነው። በአማርኛ ሲነበብ «192.168.1.10 ዘንድ በ50000 ና» ማለት ነው። ሰርቨሩ አልዋሸም፤ እሱ የሚያውቀው የቤት ውስጥ አድራሻውን ብቻ ነው። ነገር ግን በ192.168 የሚጀምሩት አድራሻዎች በፈረንጆቹ ከ1994 ጀምሮ ማንም በግቢው ውስጥ እንደልቡ እንዲጠቀምባቸው የተተዉ ናቸው። አርጆም አሉ፣ ነቀምቴም አሉ፣ ከጎናችን ያለው ካፌም አለው። ብናጣራ ዋናው መሥሪያ ቤትም 192.168.1.10 አለው፦ የሰው ሀብት አስተዳደሩ ፕሪንተር ነው። የእናንተ ማሽን በየማታው የአርጆን ሪፖርት ፍለጋ ፕሪንተሩን ሲያንኳኳ ያድር ነበር።

ከዚያ በኋላ ለጥቂት ጊዜ የሠራበት ወቅት ነበር፤ እናንተም «ይኸው ሠራ» ብላችኋል። የሠራው ፋየርዎሉ በፖርት 21 የሚያልፈውን ንግግር እያነበበ የቤት ውስጡን አድራሻ በውጩ የሚተካ ረዳት ስላለውና እሱን ስላነቃነው ነው። ዝምተኛ ሠራተኛ ነበር፣ ምስጋና ሳይጠይቅ ይሠራል። ቀጥሎ ሁለተኛው ሰርኩላራችሁ መጣ፦ «ለደኅንነት ሲባል ግንኙነቱ በሙሉ ኢንክሪፕት ይደረግ።» ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ያልተመሰጠረ ኤፍቲፒ የይለፍ ቃሉን ለመንገደኛው ሁሉ ያሳያል። ነገር ግን የተመሰጠረ ንግግር ለረዳቱም አይነበብም። ከዚያን ቀን ጀምሮ ዳሩ እንጂ ውስጡ አይታየውም። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው ሰርቨሩ ላይ የውጩን አድራሻ መጻፍ፣ ከ50000 እስከ 50050 ያሉትን ፖርቶች ለፓሲቭ መወሰን፣ እነዚያኑ ፋየርዎሉ ላይ መክፈትና ማስተላለፍ ነበር። «ሃምሳ አንድ ፖርት ይከፈትልን» ብለን ስንጽፍ «ሰርኩላሩ የሚለው 21 ነው» ተባልን። ምክንያቱን ያስረዳንበት አባሪ ሳይከፈት ተመልሷል።

እሱንም ተሟግተን አስከፈትን። ሠራም። ባለፈው ክረምት ግን መስመሩ ተበላሸና በ4ጂ ራውተር ተተካ፤ ያ ጅማ ደርሶ የመጣው ማለት ነው። ፍጥነቱ ጨምሯል፣ አንክድም። አሁን ግን ሎግኢን ራሱ ጠፋ። ራውተሩ «ውጫዊ» ብሎ የሚያሳየው አድራሻ በ100.72 ይጀምራል። ከ100.64 እስከ 100.127 ያለው መደብ ደግሞ አቅራቢዎች አንድ ፐብሊክ አድራሻ ለብዙ ደንበኛ እንዲያካፍሉ በ2012 እንደ ፈረንጆቹ የተሰጠ ነው። ስለዚህ ከእኛ ፋየርዎል ውጭ ሌላ ፋየርዎል መሰል ነገር አለ፤ ቁልፉ እናንተ ዘንድ ነው። እኛ ግቢያችን ውስጥ ፖርቱን ብንከፍት ብንዘጋ ከውጭ የሚመጣ ሰው እኛ ጋ አይደርስም። ይህን ስንነግራችሁ ባልደረባችሁ በትሕትና «ዩቲዩብ ይከፍታል?» ብሎ ጠየቀ። ይከፍታል። «እንግዲያው ከእኛ በኩል ችግር የለም።»

ስለ መዘጋት ወለጋን ማስተማር አይቻልም። በ2012 ዓ.ም ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ለጸጥታ ተብሎ በቄለም፣ በምዕራብና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልኩም ኢንተርኔቱም ተቋርጦ ነበር፤ ምሥራቅ ወለጋ ላይ በዋና ዋና ከተሞች ስልኩን ትተው ኢንተርኔቱን ወሰዱት። ያ መዘጋት የቲኬት ቁጥር አልነበረውም፤ የትኛው ፖርት ብሎ የጠየቀም የለም። ዓለም ስለ ኮሮና እጃችሁን ታጠቡ ሲል መልእክቱ የሚደርስበት መንገድ አልነበረም። ያንን የፈጸመው የእናንተ መምሪያ ነው አንልም። አጻጻፉ ግን ዘመዳሞች መሆናችሁን ያሳብቃል።

ዛሬም ሪፖርቱ የሚሄደው በፍላሽ ነው። ፖስታ ውስጥ ከትተን፣ ማኅተም አድርገን፣ ጠዋት ለሚኒባሱ ሹፌር «ኦቦ፣ አደራ!» ብለን እንሰጣለን። ነቀምቴ መናኸሪያ አንድ ባልደረባችን ተቀብሎ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ይልከዋል። አልፎ አልፎ ፎልደሩ በቫይረስ ሾርትከት ሆኖ ይደርሳል፤ አንዴም ፍላሹ መኪና ተሳስቶ በደሌ አድሯል። ሹፌሩ ግን «ከእኔ በኩል ችግር የለም» ብሎ አያውቅም። ዕቃው ካልደረሰ ደውሎ የት እንደቀረ ይናገራል።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። አርጆ ላይ በር ክፈቱ ማለቱን ተዉትና አርጆ ራሷ ትምጣላችሁ። ፐብሊክ አድራሻ ያላችሁ እናንተ ናችሁ። ኤስኤፍቲፒ የሚቀበል ሰርቨር እናንተ ዘንድ አቁሙ፤ ንግግሩም ዕቃውም በአንዷ በፖርት 22 ያልፋል፣ የተመሰጠረም ነው። ለእኛ ብቻ እንዲሆን በይለፍ ቃል ፈንታ በቁልፍ ፋይል እንግባ። ከውስጥ ወደ ውጭ የሚሄደውን የ4ጂው መስመርም ቢሆን አይከለክለውም፤ ዩቲዩቡም የሚከፈተው በዚሁ ምክንያት ነው። የኮሚቴ ስብሰባ አያስፈልገውም። የሚከፈተው ፖርት አንድ ነው፣ እሱም የእናንተ ነው።

ያን ጊዜ ፋይሉ ሳይደርስ ቢቀርና ብትደውሉልን፣ ስልኩን አንስተን መጀመሪያ የምንላችሁን ከአሁኑ እየተለማመድነው ነው።

ከሰላምታ ጋር
ከአርጆ

ግልባጭ፦
ለመስመር አቅራቢው
ለዋናው መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት
ለሰው ሀብት አስተዳደር ፕሪንተር (192.168.1.10)፣ በየማታው ስላስቸገርነው ይቅርታ ጭምር