የዱቤ መዝገብ አዘጋግ

በየካ፣ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት በሚያወጣው ዳገት ዳር የተቀመጠ ባለሱቅ ሁሉ፣ ከሚዛኑ ሥር ዘይት የጠጣ፣ ጠርዙ የተተለተለ ደብተር አለው፤ በዚያ መዝገብ ስምን ማጻፍ የአንድ ሳሙና ጉዳይ ሲሆን ማሰረዝ ግን ቆብ እንደ መጣል ያስነውራል። ደመወዙን ተቀብሎ ዕዳውን እስከ ሳንቲሙ የከፈለና «ከእንግዲህ ስሜን ፋቅልኝ» ያለውን ምእመን፣ ባለሱቁ ብዕሩን ጆሮው ላይ እንደ ሰካ ትክ ብሎ አይቶት፣ «ምነው ጋሼ፣ በምን አስቀየምንዎ?» ይለዋል፤ ሰፈሩም በማግስቱ ወይ ሎተሪ ደርሶታል፣ ወይ ሊሰደድ ነው ብሎ ይተረጕመዋል። ስለዚህ ልባሞች 10 ብር ያህል ለፍቅር ያስቀራሉ። ሥርዓቱን አጥብቆ የያዘ ሰው ግን ሒሳቡን አብሮ ይደምራል፣ በልጆቹ አፍ የተወሰደውን ማስቲካ ሳይቀር ይመረምራል፣ በስሙ ላይ መስመር ሲሰመር በዓይኑ ያያል፤ ቤቱ ገብቶም ልጆቹን «አባዬ ይከፍላል» እንዳይሉ ይገዝታል።

ከ2014 ወዲህ ደግሞ ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር ሆኖ «መላ» የተባለውን ብድርና ሲከፍሉ የጎደለውን የሚሞላውን «እንደኪሴ»ን አምጥቷል። ይህ አበዳሪ ትሑት ነው፤ በመንገድ ሲያገኙት ፊቱን አያጠቍርም፣ ለቅሶም አይደርስም። የሱቁን ዕዳ በእርሱ ብድር ዘግተው የሚወጡም አሉ፤ እነዚህን ባለሱቁ «ከዕዳ ያወጣዎት አምላክ የተመሰገነ ይሁን» ብሎ ይመርቃቸዋል።