«ክቡር ሙያ ነው» አትበሉን

ሰርግ ቤት፣ ለቅሶ ቤት፣ ታክሲ ውስጥ፣ የትም ቢሆን «ሥራህ ምንድን ነው?» ብሎ ለጠየቀኝ ሰው «መምህር ነኝ» ስል የሚመጣው መልስ አንድ ነው። «ክቡር ሙያ ነው!» ይለኛል። ከዚያ ድምፁን ዝቅ ያደርግና «ደሞዙስ እንዴት ነው?» ይላል። መልሴን ሳይጠብቅ ራሱ ይመልሰዋል፤ «ዋናው የህሊና እርካታ ነው፤ ገንዘብ እንደሆነ ጠፊ ነው።» ይህን የሚለኝ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የቤት ኪራይ የማይከፍል ሰው ነው። እኔ እከፍላለሁ፤ ስለዚህ ይህ ንግግር ሰልችቶኛል። ነርሷም፣ የግብርና ባለሙያውም፣ የወረዳ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ያዥም እንደኔ ሰልችቷቸዋል።

በየኤፍኤም ጣቢያው፣ መግቢያ እየተከፈለ በየሆቴሉ አዳራሽ በሚሰጠው የማነቃቂያ ሥልጠና ሁሉ ጥያቄው አይቀርም፤ «ከእርካታና ከገንዘብ የቱን ትመርጣለህ?» ጠያቂው ሁለቱም ፊቴ ተቀምጠው አንዱን አንሳ እንደተባልኩ አድርጎ ነው የሚያወራው። ምርጫ የሚባለው ከሁለቱ በአንዱ መኖር ሲቻል ነው። ወር የማያደርስ ደሞዝ ይዞ በሥራው የሚረካ ሰው እርካታው ራሱ ብዙ አይቆይለትም። ጠዋት ክፍል ገብቼ ስለ አቶም ሳስረዳ አእምሮዬ ግማሽ ሰሌዳው ላይ፣ ግማሽ አከራዬ ዘንድ ነው። ልጆቹም ይህን ያውቁታል። ልጅ አይታለልም።

እስኪ በቁጥር እንየው። በመስከረም 2018 ሥራ ላይ በዋለው የመንግሥት ሠራተኞች የደሞዝ ስኬል የአዲስ ዲግሪ ምሩቅ መነሻ ከ6,940 ወደ 11,500 ብር ከፍ ብሏል። ጭማሪው ትንሽ ነው አልልም። ከ11,500 ብር ላይ 2,100 ብር የሥራ ግብር፣ 805 ብር የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ ግን እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው። አያት ወይም ጀሞ ኮንዶሚኒየም ስቱዲዮ ቤት የተከራየ ሰው ይህ ገንዘብ ምን ያህል እንደሚያራምድ ያውቀዋል። ጤፉን፣ ዘይቱን፣ የልጅ ደብተሩን፣ ጠዋትና ማታ የሚከፈለውን ትራንስፖርት ገና አላነሳሁም።

ደግሞ ያች የጭማሪ ወሬ አለች። ደሞዝ ሊጨመር ነው የሚል ዜና የተሰማ ዕለት ብሩ ገና እኛ ዘንድ ሳይደርስ ገበያው ይጨምራል። የጉሊቷ ሴትዮ «ለናንተማ ተጨምሮላችኋል» ትለናለች፤ አከራይ በር ያንኳኳል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ አንድ ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ከውጭ የሚገባው ዘይትና መድኃኒትም አብሮ ወጣ። እኛ ስንጠብቀው የኖርነው ጭማሪ ሲመጣ የጠፋውን እንኳ በቅጡ አልተካም።

ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ የምትሄድ እህታችን የሚነገራት ወርሃዊ ደሞዝ 1,000 ሪያል ነው፤ ወደ 266 ዶላር መሆኑ ነው። የአገሬ የዲግሪ ምሩቅ መነሻ ደሞዝ በዛሬው የባንክ ምንዛሪ 100 ዶላር አይሞላም። በየኤጀንሲው ደጃፍ ዲግሪ የያዙ ሴቶች ተሰልፈው ሲታዩ «ወጣቱ ገንዘብ ወዳድ ሆነ» የሚል ሽማግሌ አይጠፋም። እኔ ገንዘብ ወዳድነት አላየሁባቸውም። እናት እየጦሩ፣ ታናሽ እያስተማሩ በእርካታ የሚያኖር ሥራ አግኝተው የገፉ ሴቶች አይደሉም።

ከእኛ ትምህርት ቤት የለቀቀ የፊዚክስ መምህር አለ። እንደሱ ኒውተንን የሚያስረዳ ሰው አላየሁም። አሁን የሰው መኪና ይዞ ራይድ ይሠራል፤ በየቀኑ ለባለመኪናው ገቢ ያስገባል፣ የተረፈውን ይወስዳል። አንድ ቀን ከቦሌ ያነሳት ልጅ ከኋላ ወንበር ሆና ለረጅም ጊዜ ስታየው ቆይታ «ቲቸር፣ እርስዎ ነዎት?» ብላ ጠየቀችው። ተማሪው ነበረች። ስትወርድ ከታሪፉ በላይ ጨምራ ሰጠችው። «መልሱን ልስጣት ወይስ ልቀበላት የሚለውን ሳስብ ሄደች» አለኝ። ገቢው ከደሞዙ ይሻላል፤ እሱም ይህን አይደብቅም። ቀኑን ሙሉ መሪ ጨብጦ ሲመሽ የሚያወራው ግን ስለ ክፍሉ ነው። ተማሪዎቹን በስማቸው እየጠራ ማን የት እንደገባ ይጠይቀኛል። ይህን ሰው ገንዘብ መረጠ ማለት አልችልም። ሥራውን ከእጁ ያስጣለው ችግር ነው።

በየካቲት 1966 መምህራንና የታክሲ ነጂዎች በአንድ ሳምንት ሥራ አቁመው ነበር። መምህራኑ ሴክተር ሪቪው የተባለውን የትምህርት ዕቅድ ተቃውመው፣ ደሞዝም ጠይቀው፤ ነጂዎቹ የነዳጅ ዋጋ ንሮባቸው። ያኔ መምህርነትና ታክሲ ነጂነት የሁለት ሰዎች ሥራ ነበሩ። ዛሬ ቀን ሰሌዳ ላይ ቆሞ ማታ መሪ የሚጨብጥ መምህር በየሰፈሩ አለ፤ ያ ድካም ደግሞ በነጋታው ክፍል ውስጥ ይታያል።

በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት ተማሪዎች 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ መሆናቸው ሲነገር አገር ደነገጠ። በየመድረኩ ስለ መጽሐፍ፣ ስለ ኩረጃ፣ ስለ መምህሩ ብቃት ተወራ። ስለ መምህሩ ኑሮ የተናገረ ጥቂት ነው። መምህሩ በሥራው አይረካም ተብሎ ሲወቀስ ስሰማ ያመኛል። በየትኛው ጉልበቱ ይርካ?

ገንዘብ ብለው ሌላ ሥራ የያዙትም አልደላቸውም። ባንክ የገባው ጓደኛዬ ደሞዙ ከኔ ብዙ የተሻለ ነው፤ ቤቱ ፍሪጅ አለ፣ ልጆቹ የግል ትምህርት ቤት ናቸው። ነገር ግን በየወሩ ይህን ያህል ተቀማጭ አምጣ እየተባለ ዘመድ አዝማዱን «እባካችሁ አካውንት ክፈቱ» ብሎ ሲለምን ነው የሚኖረው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ እንኳ ስልኩን ያያል። በጤና መኮንንነት ተመርቃ ቤት ድለላ የገባች ጎረቤታችንም አለች። በአንድ ሽያጭ የወራት ደሞዜን ታገኛለች። በሽታውን የሚያማክራት ጎረቤት ሲመጣ ግን ፊቷ ይበራል፤ ድምፅዋ ራሱ ሌላ ይሆናል። እነዚህ ሰዎች በሚችሉት ሥራ ላይ ቢሆኑ አገር ስንት ታተርፍ ነበር እላለሁ።

ከሁሉ የከፋው «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት ምክር ሆኖ መምጣቱ ነው። ደሞዙ እንደማያኖር ሁሉም ያውቃል፤ ስለዚህ «ያው ከጎን ታገኛላችሁ» ይባላል። ከጎን የማያገኝ፣ እጅ መንሻ የማይቀበል ሠራተኛ እንደ ሞኝ ይታያል፤ የገዛ ዘመዱ ሳይቀር «እስከ መቼ?» ይለዋል። ንጹሕ እጁን ይዞ የሚኖረው ሰው የሚከፍለውን ዋጋ የሚቆጥርለት የለም። ጉዳይ ለማስፈጸም ወረዳ ሄዶ የሚመላለሰው ሕዝብም የዚሁ ዳፋ ተካፋይ ነው።

በግንቦት 2017 የጤና ባለሙያዎች ኑሮውን አልቻልንም ብለው ሥራ እስከ ማቆም ደረሱ፤ የታሰሩም ነበሩ። ሕመምተኛ ያለ ሐኪም ሲያድር ልብ ይሰብራል፤ ይህን ከነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የዚያን ሰሞን ግን ከሰው አፍ የማይጠፋው «መሐላችሁን አስቡ» የሚል ነበር። መሐላውን አስበው ነው እኮ እስከዚያ ቀን የቆዩት! ሌሊቱን ሙሉ ተረኛ ሆኖ ያደረ ሐኪም ጠዋት ለታክሲ ሲበደር፣ መሐላውን ሳይሆን ደሞዙን ነው መጠየቅ ያለብን።

የግሉ ዘርፍስ? ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ የተለጠፈውን አንብቡ። «ሙያውን የሚወድ፣ በጫና ውስጥ መሥራት የሚችል» ይልና ደሞዝ የሚለው ቦታ ሲደርስ «በስምምነት» ይላል። ቃለ መጠይቁ ላይ ስንት ትፈልጋለህ ይባላል። ያሰቡትን ሲናገሩ ፈገግታው ይጠፋል፤ ዝቅ አድርገው ሲናገሩ ዕድሜ ልክ እዚያው ላይ ይቀራሉ። ክረምት ሲመጣ «ትምህርት የለም» ተብለው ያለ ደሞዝ የሚያሳልፉ የግል ትምህርት ቤት መምህራን አውቃለሁ፤ መስከረም ላይ ተመልሰው «ልጆቹ ናፍቀውኝ ነበር» ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው። ይህን ፍቅራቸውን አሠሪው ከደሞዛቸው ላይ ይቀንሰዋል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛ ደሞዝን የሚያጠና የደሞዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ይናገራል። ይህን ስጽፍ ለግሉ ዘርፍ ሠራተኛ የተወሰነ ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል አሁንም የለም። ሥልጣኑ ያላችሁ ቦርዱን ሥራ አስጀምሩ፤ ወለሉን ስትወስኑም የአንድ ክፍል ቤት ኪራይ፣ የአንድ ወር ጤፍና የትራንስፖርት ወጪ ጻፉና ደምሩ። ሌሎቻችሁም መንገድ ላይ የልጃችሁን መምህር ወይም ያዋለደቻችሁን ነርስ ስታገኙ ምርቃቱን ለጊዜው አቆዩትና ደሞዛቸው እንዲስተካከል አብራችሁን ጠይቁ።