አልጫ አልጫ የሚሸት ሸሚዝ

ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይባላል፤ እኔ ደግሞ ሳይቸግረኝ የልብስ ብራንድ ልመሠርት ተነሣሁ። ምን ጎድሎብህ ነው ብትሉኝ መልስ የለኝም። የምለብሰው አላጣሁ። ሥራዬ ሒሳብ ነው፤ ኪሳራ ምን እንደሚመስል በየዓመቱ ሰኔ መጨረሻ በሰው መዝገብ ላይ አየዋለሁ። ነገሩ የመጣው በእህቴ ልጅ በኩል ነው። "ጋሼ፣ ስለ ዘላቂ ፋሽን ነጻ ሥልጠና አለ፤ ሻይና ብስኩትም አለው፤ ብቻዬን አልሄድም" አለችኝ። እሷን ልሸኝ ብዬ ነው የሄድኩት። ብስኩቱን ግን አልክድም።

አሠልጣኟ ልጅ እግር ናት፤ ምላሷ ግን አይጣል ነው። አንዲት ነጭ ካናቴራ ከፍ አድርጋ ያዘችና "ይህቺ ካናቴራ ጥጧ ከበቀለበት ጊዜ ጀምሮ 2,700 ሊትር ውሃ ጠጥታለች፤ አንድ ሰው በሁለት ዓመት ተኩል የሚጠጣው ማለት ነው" አለችን። ሌላው ሰው ማስታወሻ ያዘ። የኛ ሰፈር ውሃ ግን በፈረቃ ነው፤ በርሜል ለመሙላት ሌሊት የማነጋ ሰው ነኝና ቁጥሩ አንጀቴ ውስጥ ገባ። ካናቴራዋን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። ቀጥላ ቤተልሔም ጥላሁን እ.ኤ.አ. በ2004 ከዘነበወርቅ ሰፈር ተነሥታ፣ አባቶቻችን ሲጫሙት የኖሩትን የጎማ በረባሶ ሶልሬብልስ ብላ እንዴት ለዓለም ገበያ እንዳቀረበችው ተረከችልን። ሞዴሏ ሊያ ከበደ ሸማኔዎች ገበያ አጡ ብላ እ.ኤ.አ. በ2007 ለምለም የተባለውን የልብስ ብራንድ እንዳቋቋመችም ነገረችን። ጉሎ ቅጠል እየበላ ሐር የሚሠራ ትል እንዳለ ስትናገርማ ብድግ ልል ምንም አልቀረኝ። ጉሎ እኮ የኔ ጓሮ ሞልቷል! የጎደለኝ ትሉ ብቻ ነው ብዬ ድምፄን ከፍ አድርጌ ስናገር የእህቴ ልጅ በክርኗ ጎሸመችኝ።

ወደ ቤት ስመለስ ብራንድ ነበረኝ። ስሙ "ቅጠል"። ጨርቅ የለም፣ ሰፊ የለም፣ ገዢ የለም፤ ስም ግን አለ። ስም ካለ ደግሞ አንገት ላይ የሚሰፋ መለያ ያስፈልጋል። ማተሚያ ቤቱ ከ500 በታች አልሠራም ስላለኝ 500 አሳተምኩ፦ "ቅጠል፤ መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ መቶ በመቶ የእጅ ፈትል"። ያብለጨልጫል፤ ሲዳስሱት ሙልጭልጭ ይላል። ባለቤቴ አገላብጣ አየችውና "ልብሱስ?" አለችኝ። "ይደርሳል" አልኳት። ላም ባልዋለበት ብላ ልትተርትብኝ ስትጀምር ደግነቱ ስልክ ተደወለላት።

አሁን ወደ ቀለሙ ልምጣ፤ ጉዱ ያለው እሱ ላይ ነው። የፋብሪካ ቀለም ወንዝ ይበክላል ተብለናል፤ ስለዚህ የኔ ልብስ ቀለሙን የሚያገኘው ከጓዳ ነው። መጀመሪያ ያሰብኩት የሽንኩርት ልጣጭ ነበር፤ ሲቀቀል ወርቅማ ቀለም ይወጣዋል። የቤታችን ልጣጭ አልበቃ ሲለኝ ጎረቤት እየዞርኩ "የምትጥሉት የሽንኩርት ልጣጭ ካለ" ማለት ጀመርኩ። በማግስቱ ከጀርባችን ያሉት እማማ ሁለት ኪሎ ሙሉ ሽንኩርት በዘንቢል ይዘው መጡና ባለቤቴን ወደ ጎን ጠርተው፣ "ምነው ልጄ፣ እንዲህ እስኪሆን ሳትነግሪኝ? ጎረቤት ለመቼ ነው?" አሏት። ባለቤቴ የዚያን ዕለት ማታ አላናገረችኝም። ሽንኩርቱን ግን ወጥ ሠራንበት።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ እርድ የዞርኩት። እርድ ርካሽ ነው፤ ጎረቤት አያስለምንም። አንድ ነጭ የጥጥ ሸሚዜን የባለቤቴ ትልቁ ድስት ውስጥ ከትቼ ስቀቅለው ቆየሁ፤ ሳወጣው፣ ወገኖቼ፣ መስከረም ላይ የፈነዳ አደይ አበባ ነው የመሰለኝ። ሥልጠናው ላይ፣ ብስኩቱ ሲታደል መሰለኝ፣ ያመለጠኝ ነገር ነበር። ጥጥ የጓዳ ቀለም እንዲሁ አይዝም። አስቀድሞ በደንብ ታጥቦ ሰሙ ይወጣለታል፤ ከዚያ አሉም በሚባል ማዕድን ውሃ ይነከራል፤ ቀለሙን ከክሩ ጋር የሚያጋባው ያ ነው። እርድ ደግሞ ከቀለም ሁሉ ዋልጌው ነው፤ በአሉም ተጋብቶም ቢሆን ፀሐይ ሲያይ ይሸሻል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይላሉ። እርዱ ይለቃል፤ ሞኙ ግን እውነትም አልለቀቀም። ሸሚዙን ሳላለቀልቅ አድርቄ፣ ተኩሼ፣ ለብሼው ወጣሁ።

ፕሮግራሜ ቀላል ነበር። ሽሮ ሜዳ ወጥቼ ቀደም ብዬ ያዘዝኳቸው ሸማኔ የጨረሱልኝን ጨርቅ እቀበላለሁ፤ ከዚያ አራት ኪሎ ወርጄ አንዲት የልብስ መደብር ባለቤት ጋ ናሙና አሳያለሁ። ናሙናው እኔው ላይ ነበር።

ሸማኔው የጨንቻ ሰው ናቸው፤ ከዋናው አስፋልት ገባ ብሎ ካሉት ጠባብ ቤቶች ባንዱ ውስጥ እግራቸውን ጉድጓዱ ውስጥ ሰደው ይሠራሉ። ድሩ ከፊታቸው ተወጥሯል፤ መወርወሪያውን ከግራ እጅ ወደ ቀኝ እጅ ሲልኩት ዓይን አይደርስበትም። ሥራውን የሰጠኋቸው ጊዜ በሥልጠናው ቋንቋ ላስረዳቸው ሞክሬ ነበር። "አባባ፣ አካባቢን የማይጎዳ አሠራር ነው የምፈልገው" አልኳቸው። መወርወሪያውን አቁመው አዩኝ። "ወንድሜ፣ እኛ በመብራት አንሠራ፣ በነዳጅ አንሠራ፣ ቁራጭ ክር አንጥል። ሌላ ምን እንድንቀንስልህ ነው? እኔን?" እስካሁን መልስ እየፈለግሁላቸው ነው።

ጨርቁ ግን ጨርቅ ነው! ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ጠርዙ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ጥለት የሮጠበት። ያለኝ ካፒታል በሙሉ እሱ ላይ ነበር። ከመለያዎቼ አንዱን ከኪሴ አውጥቼ በመርፌ ቁልፍ አያያዝኩበትና፣ በላስቲክ ጠቅልዬ፣ ታቅፌው ወጣሁ።

ወሩ ሐምሌ፣ ቀኑ 21፣ ማርያም ናት። ከእንጦጦ የሚወርደው ምእመን በነጭ በነጭ ሆኖ መንገዱን ሞልቶታል። ዝናቡ ዱብ ዱብ ብሎ ጀመረና ወዲያው ዶፍ ሆነ። ዣንጥላ ነበረኝ፤ ለጨርቁ ያዝኩለት። ታክሲ እስካገኝ ድረስ ካፒታሌ ደርቆ እኔ በሰበስኩ።

ሚኒባሱ ሞልቷል፤ ረዳቱ ግን "ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ዝናብ ነው፣ ሰው ነን" ብሎ ለሦስት ሰው የተሠራ ወንበር ላይ አራተኛ አድርጎ ሸጎጠኝ። አጠገቤ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ አንዲት እናት ተቀምጠዋል። ነጠላቸው እንከን የለውም፤ በእኔና በእሳቸው ትከሻ መሀል ደግሞ መርፌ አያልፍም። መስኮቱ በዝናቡ ምክንያት ተዘግቷል። ትንሽ እንደሄድን የሆነ ሽታ ታክሲውን ሞላው። "ማን ነው ምሳ የቋጠረ?" አለ ከኋላ አንዱ። እኔም ማን ይሆን ብዬ ዞር ዞር አልኩ።

ስድስት ኪሎ ስንደርስ እናት ሊወርዱ ተነሡ፤ ተነሥቼ አሳለፍኳቸው። እንዳለፉ የእኔ እጅጌ እሳቸው ላይ ሆኖ አየሁት። ከትከሻቸው እስከ ክርናቸው፣ መጋጠሚያ ስፌቱ ሳይቀር፣ በደማቅ ቢጫ ታትሟል። "ዋይ ነጠላዬ!" አሉ። እኔም ተከትዬአቸው ወረድኩ። ቀጥ ብዬ ብቀመጥ ኖሮ አራት ኪሎ ሦስት ደቂቃ ናት፤ ግን ሰው ነኝ።

መንገድ ዳር ላስቲክ ወጥሮ የተጠለለ ሊስትሮ ነበር። ልጁ ደግ ነው፤ ክፋቱ ፈጣን ነው። "እማዬ፣ አይዞዎት፣ በሳሙና አሁኑኑ ይለቃል" አለና ጫማ የሚያጥብበትን የሳሙና ውሃ ከሃይላንድ ጠርሙሱ ነጠላው ላይ ደፋው፤ አንድ ሁለቴ በቡሩሽ ፈተገው። ቢጫው ቀላ። ቀላ ስላችሁ ፈካ ያለ ሮዝ እንዳይመስላችሁ፤ ከትከሻ እስከ ክርን የደም መልክ ያዘ። ልጁ ቡሩሹን ጣለው። አንዲት ሴት "ኧረ ደም!" ብላ ጮኸች። ከዚያ በኋላ ያለውን አዲስ አበባን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሰው ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም። "ማን ወጋቸው?" "ይኸው ይሄ ነው፣ እሱም ላይ አለ!" የሳሙናው ውሃ ደረቴ ላይ ተረጭቶ ኖሯል። አንድ ጎረምሳ እጄን ጠምዝዞ ያዘኝ። "ሆስፒታሉ እዚሁ ነው፣ አንሱዋቸው እንጂ!" እናት "ኧረ ልጆቼ፣ ምንም አላመመኝም!" ይላሉ። "ድንጋጤው ነው፤ ትኩስ ቁስል አይሰማም፣ ሲቀዘቅዝ ነው የሚያምዎት" ይላቸዋል አንዱ አዋቂ።

ያዳነችኝ ጉሊት ላይ ሎሚና ቃሪያ የምትሸጥ ሴት ናት። ሰዉን በክርኗ ከፍላ ገባች፤ ነጠላውን ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተች፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞራ ደረቴን አሸተተች። "ይሄ ደም አይደለም" አለች ጮክ ብላ፣ "አልጫ ነው።" አንድ ሎሚ ለሁለት ከፍላ ነጠላው ላይ ስትጨምቀው ቀዩ ተመልሶ ቢጫ ሆነ። ሰዉ አጨበጨበ። ለካ እርድ ሳሙናና አመድ የመሰለ ነገር ሲነካው ይቀላል፣ ሎሚና ኮምጣጤ ሲያገኘው ይመለሳል፤ የኬሚስትሪ መምህራን ወረቀት በእርድ ነክረው አሲድና ቤዝ ይለዩበታል። ያን ትምህርት እኔ ዩኒቨርሲቲው አጥር ሥር፣ እጄን ተጠምዝዤ ተማርኩት። ጎረምሳው እጄን ሲለቀኝ "ይቅርታ ጋሼ" አለኝ፤ ሳቁን መደበቅ ግን አልቻለም።

እናት ገንዘብ አልቀበልም አሉ። "ገንዘብህን ምን ላድርገው? በምን ልሳለም?" እዚህ ላይ ነው ላስቲኩን የፈታሁት። ጨርቁን በአውራ ጣትና በሌባ ጣታቸው መሀል አሽተው፣ ከዳር አንዲት ክር መዘው፣ ፈተሏት። "ማጉ የእጅ ነው። ደህና ፈታይ ናት፣ እጇን ይባርከው። ድሩ የፋብሪካ ነው። ይሄ አረንጓዴውም ከውጭ የመጣ ነው፤ ጥጥ አይደለም።" መለያዬን ደግሞ ለሊስትሮው ሰጥተው አስነበቡት። "መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ፣ መቶ በመቶ የእጅ ፈትል" አለ ልጁ፣ አንድም ፊደል ሳይስት፣ እዚያ ለቀረው ሰው ሁሉ በሚሰማ ድምፅ። እናት ወረቀት ይሁን ጨርቅ ብለው በጥፍራቸው ፋቁት። "ይሄስ ላስቲክ ነው" አሉና ነቅለው መለሱልኝ። ጨርቁን ወሰዱት። እየሄዱም "ነጠላ በሳሙና አይታጠብም ነበር፤ በእንዶድ ነበር" አሉኝ፣ ሳሙናውን ያመጣሁት እኔ ይመስል።

እንዶድ ሲሉ ዶክተር አክሊሉ ለማ ትዝ አሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ውስጥ ሴቶች በእንዶድ ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ዳር የሞቱ ቀንድ አውጣዎች አይተው፣ ከዚያ ተነሥተው ነው እንዶድ የቢልሃርዝያን ተሸካሚ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ለዓለም ያሳወቁት። ሰው ልብስ ሲታጠብ አጠገቡ ቆሞ እንዲህ ያለ ነገር ያገኛል። እኔ ልብስ ሲታጠብ ቆሜ አልጫ መሆኔን አገኘሁ።

አራት ኪሎ ደረስኩ፤ ቀጠሮ ቀጠሮ ነው። የመደብሩ ባለቤት እላዬ ላይ ያለውን ቀይና ቢጫ ዥጉርጉር ለረጅም ጊዜ አየችው። "ደስ ይላል፤ ባቲክ ነው?" አለች። አንገቴን ነቀነቅሁ፤ እሺ ማለቴም እንቢ ማለቴም አልነበረም። "ሲታጠብስ?" "ከሎሚ ጋር" አልኳት። ሻይ አዘዘችልኝ። ስለ ልብስ ሌላ ቃል አልተናገርንም፤ ሻዩ ግን ጥሩ ነበር።

ባለቤቴ ታሪኩን እስከ ጫፍ ሰማችኝ፤ ከዚያ መጀመሪያ የጠየቀችኝ ድስቷን ነው። ድስቱ እስከ ዛሬ ቢጫ ነው። "የናቴ ጋቢ" አለችኝ እየፈተገችው፣ "ሲሳሳ የልጅ መጠቅለያ ሆነ፤ ከዚያ የምጣድ ማሰሻ፤ ከዚያ መወልወያ። እናቴ መለያ አላሳተመችም።" አተርፍ ባይ አጉዳይ ማለት እኔ ነኝ፤ እሷ ሳትል እኔው ቀድሜ ተረትኩት።

ሸሚዙ ገመድ ላይ ፀሐይ እያየ ከርሞ ወደ ነጭነቱ ሊመለስ ትንሽ ቀርቶታል። መለያዎቹ ግን 500ውም አሉ፤ እናት የመለሱልኝ ጭምር። ልብስ ኖሯችሁ መለያ ያጣችሁ፣ "ቅጠል" የሚለውንም ስም የማትጠሉ ካላችሁ፣ በነጻ ውሰዱልኝ። ስለ ሳሙናም ስለ ሎሚም አታስቡ፤ ላስቲክ ናቸው፣ አይለቁም።