ኩባያ ይዘው ይምጡ

ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ የምገዛበት ካፌ፣ ሒሳብ መቀበያው ላይ ማስታወቂያ ለጥፏል፤ «የራስዎን ኩባያ ይዘው ሲመጡ 5 ብር ቅናሽ እናደርጋለን»። ከጽሑፉ ሥር አረንጓዴ ቅጠል ተስሏል። ከቅጠል ጋር መከራከር ስለማይሆንልኝ ክዳን ያለው ኩባያ ገዛሁ። ስንት እንደፈጀብኝ ባለቤቴም አታውቅም። በቅናሹ ለመተካት ግን 160 ማኪያቶ መጠጣት እንዳለብኝ ለእናንተ ሹክ ልበላችሁ።

የመጀመሪያው ቀን ኩባያዬን ዋንጫ እንደሚያስረክብ ሰው ከፍ አድርጌ አቀረብኩ። ማሽኑ ላይ የቆመችው ልጅ በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ከዚያ ከቁልሉ አንድ የወረቀት ኩባያ መዘዘች፣ ማኪያቶውን እሱ ላይ ሠራች፣ ወደ እኔው ኩባያ ገለበጠችና የወረቀቱን ቅርጫት ውስጥ ጣለችው።

«እህቴ፣ ምነው?» አልኳት።

«መለኪያችን እኮ እሱ ነው፣ ጋሼ።»

ይኸው ሦስት ሳምንቴ። ተኝቼም አስበዋለሁ። ኩባያ ሳልይዝ ብሄድ የሚጣለው አንድ ኩባያ ነው፤ ይዤ ብሄድም የሚጣለው አንድ ኩባያ ነው። ልዩነቱ የእኔን ማጠብ ያለብኝ እኔ መሆኔ ነው።

በሁለተኛው ሳምንት ልጅቷ አዘነችልኝ መሰለኝ ምሥጢሩን አጫወተችኝ። ማታ ማታ ኩባያ ይቆጠራል። ከቁልሉ የወጣው ኩባያና የተሸጠው ቡና እኩል ካልመጣ፣ ቢያንስም ቢበዛም ጥያቄው የሚመጣው እሷ ላይ ነው። እንግዲህ እኔ የራሴን ይዤ በሄድኩ ቁጥር፣ ሒሳቡ እንዲገጥም አንድ ኩባያ መሰዋት አለበት ማለት ነው። ሒሳብ ሹም የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ራሱን እንደሚነቀንቅ አውቃለሁ፤ በመስማማት።

የሚገርመው፣ ዕቃን ሳይጥሉ አስይዞ መውሰድንና መመለስን እኛ ከድሮም እናውቀው ነበር። እንግዳ ሲመጣ «ሩጥና ሦስት ሚሪንዳ አምጣ» የተባለ ልጅ ሦስት ባዶ ጠርሙስ ታቅፎ ነው የሚሮጠው። ባዶ ጠርሙስ የሌለው ቤት መያዣ ያስይዛል፤ ለመያዣ የሚሆን የሌለው ከጎረቤት ጠርሙስ ይበደራል። መንገድ ላይ የሰበረ ልጅማ ቤቱ የሚገባው እንግዳው ሳይሄድ ነው፤ እንግዳ ፊት አይገረፍምና። የጀርመኗ ፍራይቡርግ በፈረንጆቹ 2016 አንድ ዩሮ አስይዘው የሚወስዱትና ተባባሪ በሆነ ካፌ ሁሉ የሚመልሱት ኩባያ ስታወጣ ዓለም አጨበጨበላት። የሰፈራችን ባለሱቅ ይህንኑ ዕድሜውን ሙሉ ሲሠራ ያጨበጨበለት የለም። እንዲያውም አፉ የተሸረፈ ጠርሙስ አልቀበልም እያለ ብዙ እርግማን ጠጥቷል።

የወረቀቱ ኩባያ የዘር ሐረግም ሌላ ጉድ ነው። ድሮ በአሜሪካ በባቡርና በትምህርት ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ ላይ በሰንሰለት የታሰረ አንድ ጣሳ ይኖራል፤ ጤነኛውም በሽተኛውም በእሱ ይጠጣል። በፈረንጆቹ 1909 የካንሳስ ግዛት ይህን የጋራ ጣሳ ከለከለች። በዚያው ሰሞን የወረቀት ኩባያ «የጤና ኩባያ» በሚል ስም ገበያ ወጣ። አምራቹ በኋላ ስሙን «ዲክሲ» ያለው ከጎኑ ከነበረ የአሻንጉሊት ፋብሪካ ወስዶ ነው። ስለዚህ ይህ ዕቃ የተፈጠረው «ያንተ አፍ የነካውን አልነካም» ለማለት ነው። መጥቶ መጥቶ ደግሞ ያረፈው ጉርሻ በሚጎራረስ ሕዝብ መካከል።

እንቁጠር ከተባለ እንቁጠር። ቤታችን ቡና ሲፈላ ስድስት ሰው ቢቀመጥ፣ አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብለን ስንነሳ ረከቦቱ ላይ ያለው ያው ስድስት ሲኒ ነው። በወረቀት ቢሆን 18 ኩባያ ነበር። «ለመንገድ» የሚባል ቡና እኮ አያቴ ብትሰማ ኖሮ «ማን ሞተና ነው እየሮጡ የሚጠጡት?» ትል ነበር።

እሺ፣ የሚሄድ ሰው ይያዝ። መንገደኛ ነው፣ ቸኩሏል። እኔን የሚያበግነኝ የማይሄደው ነው! እዚያው ካፌ፣ እዚያው ወንበር ላይ ሁለት ሰዓት ተዘርግቶ፣ በወረቀት ኩባያ የሚጠጣው። ከማሽኑ እስከ ጠረጴዛው አራት እርምጃ አይሞላም። የታጠበ የሸክላ ሲኒ ተደርድሮ እያየ፣ ክዳን አስገጥሞ፣ የኩባያውን ሥዕል ወደ ካሜራው አዙሮ ፎቶ ይነሳበታል። ከዚያ ይጥለዋል። የት ነው የሚጥለው? የኩባያው ውስጡ በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ ከተራ ወረቀት ጋር ተፈጭቶ መልሶ ወረቀት አይሆንም። የሃይላንድ ጠርሙስ ለቅሞ የሚሸጠው ልጅ እንኳ አያነሳውም። የሚሄደው ቆሻሻ የተጠራቀመበት ነው። መጋቢት 2009 ዓ.ም. አዲስ አበባ ቆሼ ላይ የተናደው የቆሻሻ ክምር ከመቶ በላይ ሰው ቀብሯል፤ ክዳን ያስገጠመው ሰውዬ ግን ስለዚያ ሰምቶ የሚያውቅ አይመስልም።

ወጉን አከበድኩት። እኔም ብሆን ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ አንድ ኩባያ አስጥያለሁ፤ ያውም አምስት አምስት ብር እየተቀነሰልኝ።

ባለፈው ሐሙስ ለልጅቷ መፍትሔ አቀረብኩላት። «አንዲት ብርጭቆ ለመለኪያ ብታስቀምጪስ? መስመር ታሰምሪባታለሽ፣ አለቀ።»

«ለማናጀሩ ይንገሩት፣ ጋሼ።»

ለማናጀሩ ነገርኩት። በጣም ጥሩ ሐሳብ ነው አለኝ፤ አስተያየት መስጫ ቅጽ ሰጠኝና እንድሞላው ጋበዘኝ። ሦስት ገጽ ነው። እስክሞላ ድረስም ማኪያቶ አስመጣልኝ። በወረቀት ኩባያ።

ሰሞኑን ደግሞ የኩባያዬ ክዳን ጠፋ። ትንሿ ልጄ ስትጠየቅ ዓይኗን ጣራ ላይ ሰቀለች። ኩባያው ራሱ ቆይቶ የተገኘው የሽሮ ዕቃው ውስጥ ነው፤ ባለቤቴ መለኪያ አድርጋዋለች። «ልክ አንድ ድስት ይወጣዋል» አለችኝ፣ ደስ ብሏት። አስመልሼ ልውሰደው ወይስ ልተወው ገና አልወሰንኩም።

ይህን እየጻፍኩ ቆራሌው በበራችን እየተጣራ ነው። እሱ ክዳን አያጣም። ቆይ፣ ልጠይቀው።