ዋሽንቱም ይጩህ

ግጥሙ ተገዝቷል፣ ዜማው አልቋል፣ ቅንብሩም ተሠርቷል። የቀረህ ሚክሲንግና ማስተሪንግ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ባለሙያ የሚሳሳተው አድማጭን በማመን ነው፤ ድምፅ መጨመር ከፈለገ ራሱ ይጨምራል ብሎ ይተዋል። አንተ ከስቱዲዮ ጨምረህ ላክለት።

መጀመሪያ ዘፋኙ በለሆሳስ ያንጎራጎረበትን ቦታ ፈልግና ከአዝማቹ እኩል አድርገው። ዋሽንቱ ከሩቅ እንዲሰማ ታስቦ ከሆነ ጆሮ ሥር አምጣው። ኮምፕረሰር ያለው ለዚህ ነው፤ ከፍ ያለውን ይጨፈልቅልሃል፣ አንተ ደግሞ ሁሉንም አንድ ላይ ወደ ላይ ታነሣለህ። ዘፋኙ በሁለት ስንኝ መሀል የሚስበው አየር ከግጥሙ እኩል ቢጎላ አትጨነቅ፤ ከግጥሙ የሚሻልበት ጊዜ አለ።

ቀጥሎ ሊሚተር። ሥራው ድምፁ ከጣሪያው እንዳያልፍ መጠበቅ ነው፤ አንተ ግን ዘፈኑን በሙሉ ጣሪያው ላይ ለጥፈህ ተወው። ከበሮ ሲመታ የመጀመሪያዋ ቅጽበት ትቆረጣለች። ደረት የሚነካው በእሷ ነበር፤ ከሄደች ማንም አይደነግጥም። ኮምፒውተሩ ላይ የድምፁን ሥዕል ስታይ ወጣ ገባ ካለው አልጨረስክም። ከዳር እስከ ዳር እንደ ጡብ ድፍን ሲል ሻይ ጠጣ።

በሸክላ ዘመን ይህን ያህል ማጮህ አይቻልም ነበር፤ ቦዩ ሲሰፋ ቦታ ይጨርሳል፣ መርፌዋም ትዘላለች። እ.ኤ.አ. በ1982 ገበያ የወጣው ሲዲ ከዝቅተኛው እስከ ከፍተኛው ድምፅ 96 ዴሲቤል ያህል ስፋት ሰጠ። የሙዚቃው ዓለም አመስግኖ ተቀበለና የላይኛውን ጫፍ ብቻ ተጠቀመበት።

አርአያህ የሮክ ባንዱ ሜታሊካ ይሁን። እ.ኤ.አ. በ2008 «ዴዝ ማግኔቲክ» የተባለው አልበሙ ሲወጣ፣ እነዚያው ዘፈኖች ጊታር ሂሮ በተባለው የቪዲዮ ጨዋታ ውስጥ ጠርተው እንደሚሰሙ አድናቂዎች ደረሱበት። አልበሙ እንደገና ሚክስ ይደረግልን ብለው ከ10,000 በላይ ሰዎች ፈረሙ። ማስተር ያደረገው ቴድ ጄንሰን ሳይቀር፣ ሥራው እጁ የገባው አስቀድሞ ተጨፍልቆ እንደነበር ጻፈ። አልበሙ ግን አሜሪካ ውስጥ አንደኛ ሆኖ ነው የገባው። እንግዲህ ማንን ትሰማለህ?

ደንበኛህ ለማወዳደር ከመጣ የሌላውን ሰው ሥራ አስቀድመህ አሰማው፤ የአንተን ስትከፍት ቁልፉን ሳያይ አንድ ዴሲቤል ጨምር። ጆሮ ትንሽ የጮኸውን «ጥራት አለው» ይላል። ባሱም ቀጭኑም ድምፅ ሲጮኽ ይበልጥ ስለሚሰማ፣ ሰውዬው በደህና አእምሮው ይሸወዳል። ሁለቱ በእኩል መጠን ይሰሙ የሚል ቀናተኛ ካለ ቡና እንዲያመጣ ላከው።

አንድ እንቅፋት አለ። ስፖቲፋይ በመደበኛ አሠራሩ ዘፈኑን ሁሉ −14 ኤልዩኤፍኤስ ወደሚባል አንድ የጩኸት መጠን ያቀራርባል፤ ዩቲዩብም ልክ ያለፈውን ዝቅ ያደርጋል። በ−6 የላክኸው ሥራ ስፖቲፋይ ላይ 8 ዴሲቤል ተቀንሶለት ይለቀቃል፤ የተቆረጠው የከበሮ ምት ግን አይመለስለትም። ከእሱ ቀጥሎ ሳይጨፈለቅ የተላከ ዘፈን ሲመጣ፣ የዚያ ከበሮ ቤት ያናውጣል። ይህን ለደንበኛህ አታንሣበት፤ ሒሳብህን ተቀብለህ ሸኘው። ዘፈኑ ከወጣ በኋላ ደውሎ «የኛ ለምን ደከመ?» ካለህ፣ ኔትወርክ ነው በለው።